ጋሽ ይመርን የገደለው ቴስት

አጎቴን ጋሽ ይመርን የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ፖሊስ እንዳትጠሩብኝ፤ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ መርሳ ላይ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ባለው ጓሯቸው ብርቱካናቸውን ይኮተኩታሉ። ግን ለግማሽ ቀን ያህል ሞተው ነበር። ተለቅሶላቸዋል፣ ድንኳን ተተክሎላቸዋል፣ ጉድጓድም ተጀምሮላቸው ነበር። የገደልኳቸውም በላፕቶፕ ነው። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እኔም እንደ ሰው እየሳቅሁ አወራው ነበር።

ጋሽ ይመር የእናቴ ወንድም፣ የሰፈራቸውም ቅሬ ዳኛ ናቸው። ሌላው አገር እድር የሚለውን ነው እኛ ወሎዎች ቅሬ የምንለው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፣ ቅሬው ይወጣል፣ ሟች ይቀበራል፤ ያልወጣ ይቀጣል። እኔ ደግሞ ወልድያ ውስጥ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል፣ የሞባይል አፕ እሠራለሁ። አብራኝ የምትሠራው ሰላማዊት ናት። አንድ ክፍል ነው የተማርነው፤ ልዩነታችን እሷ የተማረችውን ማስታወሷ ነው።

ለኢድ ልጠይቃቸው መርሳ ወርጄ ሳለ ጋሽ ይመር ስለ ጥሩምባው አማረሩ።

«ግማሹ የቅሬ ሰው ግራና ከተማ ገባ፤ ግማሹ ውርጌሳ፤ ወልድያም የገባ አለ። እዚህ ሆነን ብንነፋ ማን ይሰማናል? ሰው ተቀብሮ ነው ወሬው የሚደርሳቸው» አሉ።

እንግዲህ ማንም አልጠየቀኝም። የቀረበልኝን እየበላሁ «እውነትዎን ነው» ብል ይበቃ ነበር። ግን የተማረ ሰው ሲበላ ዝም ማለት አይሆንለትም።

«ጋሼ፣ እኔ አፕ እሠራልዎታለሁ።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ጥሩምባ ነው፤ ግን በየሰዉ ስልክ ላይ የሚነፋ።»

ጋሽ ይመር ፊታቸው በራ። «ዘይነባ! ነይ ስሚ፤ የእህቴ ልጅ ጥሩምባ ሊሠራልን ነው!» ብለው ባለቤታቸውን ከጓዳ ጠሩ። እትዬ ዘይነባ መጥተው መረቁኝ። «አላህ ይጨምርልህ ልጄ። ድምፁ ግን ሰው አያስደነግጥም አይደል?» አሉ። አያስደነግጥም አልኳቸው። በልበ ሙሉነት ነው ያልኩት።

ሥራው ሁለት አፕ ሆነ። አንዱ የቅሬው ጸሐፊ የሞት ዜና የሚያስገባበት፣ ሌላው አባላቱ የሚሰሙበት። ሁለቱ የሚጋሩትን ኮድ ለብቻው አንድ ሞጁል ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ሞጁል ማለት ራሱን የቻለ የኮድ ክፍል ነው፣ እንደ ቤት ክፍል በሉት። እስከዚህ ድረስ ሰላማዊት እንኳ አመስግናኛለች። ከዚያ የቴስት ነገር መጣ። ቴስት አፑ ሥራውን በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ሌላ ኮድ ነው። ለመፈተሽ ደግሞ የውሸት መረጃ ይፈልጋል። የሱቅ አፕ ከሆነ የውሸት ስኳር፣ የውሸት ሳሙና ትሰጡታላችሁ። የቅሬ አፕ ግን የሚፈልገው የውሸት ሟች ነው።

ሁለት ናሙና አዘጋጀሁ። አንዱ ለሙስሊም፣ መስጊዱንና የሰላቱን ሰዓት የሚጠቅስ፤ ሌላው ለክርስቲያን፣ ቤተ ክርስቲያኑን የሚጠቅስ። ለሙስሊሙ ስም ሲያስፈልገኝ ጣቴ የለመደውን ጻፈ። አቶ ይመር አሊ። ክፋት የለበትም፤ የምሠራው ለእሳቸው ስለሆነ ቀኑን ሙሉ በልቤ የሚመላለሱት እሳቸው ነበሩ። እንዲያውም አሳምሬ ነው የጻፍኩት፤ «ደጉ የቅሬያችን ዳኛ አቶ ይመር አሊ ወደ አኼራ ስለሄዱ ቀብራቸው ዛሬ ከአስር ሰላት በኋላ ይፈጸማል።»

የሁለቱም አፖች ቴስት እነዚህን ናሙናዎች ይፈልጋቸዋል። ሁለት ጊዜ መጻፍ ታከተኝና ያው የጋራ ሞጁል ውስጥ፣ ከእውነተኛው ኮድ መሀል ሰነቀርኳቸው። ስሠራም መልኩን እንዳየው ብዬ አንዲት መስመር ጨመርኩ። ምንም ዜና ከሌለ ናሙናውን አሳይ፤ ጥሩምባውንም ንፋ።

ሰላማዊት አየችው።

«ይኼ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ሁለቱም አፖች ይፈልጉታል።»

«አፖቹ አይደሉም፣ ቴስቶቻቸው ናቸው የሚፈልጉት። ለቴስት ብቻ የሚሆን ሞጁል አውጣለት፤ ቴስቶቹ ከዚያ ይውሰዱ። ሰው እጅ የሚገባው አፕ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም አይወቅ።»

«ሲያልቅ አወጣዋለሁ።»

«አንተ ዘንድ ሲያልቅ የሚወጣው ነገር ስንት ነው?» አለች፤ ቤቴ ወንበሩ ላይ የተቆለለውን ልብስ አይታ የምታውቅ ይመስል።

ሳቅሁ። አሁን ሳስበው ያን ጊዜ ከመሳቅ ሞጁሉን ማውጣት ይቀል ነበር፤ የሻይ ሰዓት ያህል እንኳ አይፈጅም።

አፑ አለቀ፤ ናሙናው ግን አልወጣም። አንድ ረፋድ ላይ በቅሬው የቴሌግራም ግሩፕ ለቀቅሁት። «የተከበራችሁ የቅሬያችን አባላት፣ አውርዳችሁ ክፈቱት» ብዬ ጽፌ፣ ለራሴ ማኪያቶ አዝዤ፣ ምስጋናውን ለመቀበል ተመቻችቼ ተቀመጥኩ። ቅሬው አፕ ሲከፍት ገና የመጀመሪያው ነው፤ ስለዚህ ውስጡ አንድም ዜና የለም። ዜና ከሌለ ምን አድርግ ብዬው ነበር?

የመጀመሪያው መልእክት ገባ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።»

አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። አፑ በወጣበት ቀን ሥራ አገኘ ብዬ። ሁለተኛው «ነፍስ ይማር» አለ። ሦስተኛው «ትናንት እኮ አብረን ነበርን» አለ። አራተኛው «ደጉ ዳኛችን!» አለ። «ደጉ» የሚለውን ቃል አወቅሁት። የኔ ነው።

ጋሽ ይመር ጋ ደወልኩ። ዝግ ነው። ያቺ የቁልፍ ስልካቸው ቻርጅ የምትደረገው ሲያስታውሷት ብቻ ነው፤ እሳቸው ደግሞ በዚያን ቀን ፍየል ሊገዙ በጠዋት ግራና ገበያ ወርደዋል። ወደ ግሩፑ ተመለስኩና «ይቅርታ፣ ስህተት ነው፣ ጋሽ ይመር አልሞቱም» ብዬ ጻፍኩ። «አብሽር ወንድሜ፣ መጀመሪያ ላይ ማመን ይከብዳል» ብሎ አንዱ አጽናናኝ። ሌላው «የእህቱ ልጅ ነው፣ በጣም ደንግጧል፣ ቅርብ ያላችሁ ድረሱለት» አለ። እትዬ ዘይነባ ጋ ስደውል የማላውቃት ሴት አነሳች፤ ከኋላዋ ጩኸት ይሰማል። «እሷ መናገር አትችልም፣ አንተም ቶሎ ድረስ» ብላ ዘጋችብኝ።

ማኪያቶውን ጥዬ መናኸሪያ ሮጥኩ። የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ግማሹ የአጎቴ ቀብር ተጓዥ ነበር።

«በምን ሞተ?» አለ ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ።

«ደም ብዛት ነው አሉ።»

«ኧረ ከብርቱካን ዛፍ ወድቆ ነው።»

«ደግ ሰው ነበር።»

«ደግስ ደግ ነው፤ ቅጣት ላይ ግን ጨካኝ ነበር። እኔን ሚስቴ አራስ ሆና እንኳ ቀጥቶኛል።»

«ባይቀጣህ ዛሬ ትወጣለት ነበር?»

ሰውዬው አሰበና «አልወጣም» አለ። እኔ አፌ ውስጥ «አልሞቱም» የሚለው ቃል እየተንከባለለ ነው፤ አንድ ጊዜ ሞክሬው አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ጭንቅላቴን ወደ ትከሻዋ ስባ «አልቅስ፣ አልቅስ ይውጣልህ» ስላለችኝ ተውኩት።

መርሳ ስደርስ ድንኳኑ ቆሟል። ጥሩምባ ነፊውም ስልክ ቀደመው እንዳይባል እየዞረ ሲነፋ አረፈደ። አስከሬኑ ከግራና እየመጣ ነው ተብሎ ወጣቶቹ አካፋና ዶማ ይዘው ወደ መቃብሩ ሄደዋል። ሰዉን ገፍቼ እትዬ ዘይነባ ጋ ደረስኩ።

«እትዬ፣ አልሞቱም! ያ ቴስት ነው!»

በዕንባ የራሰ ፊታቸውን ቀና አደረጉ። «ቴስት ነው የገደለው?»

ከኋላቸው የነበረችው ሴት ለጎረቤቷ አስተላለፈች። «ቴስት የሚባል በሽታ ነው አሉ።» ወሬው ከድንኳኑ ሳይወጣ ቴስት ከታይፎይድ የባሰ፣ ትልልቅ ሰው የሚመርጥ በሽታ ሆነ። አንዱ እንዲያውም አማቱን የገደለው ይኸው እንደሆነ ተገለጠለት።

በዚህ መሀል ጋሽ ደሳለኝ ከውርጌሳ ደረሱ። ጋሽ ደሳለኝና ጋሽ ይመር በወጣትነታቸው በደሴና ወልድያ መንገድ ላይ በአንድ የጭነት መኪና ሲሠሩ የኖሩ ናቸው፤ ጋሽ ደሳለኝ ሾፌር፣ ጋሽ ይመር ረዳት። በአንድ እግራቸው ሰንደል ጫማ፣ በሌላው የዝናብ ቦቲ አድርገዋል። አልጮሁም። የድንኳኑን ቋሚ ይዘው ቁጭ አሉና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ። «ይመሬ፣ ቀደምከኝ? ማን ፈቀደልህ?» ይላሉ። ወደ እሳቸው ሄጄ ልነግራቸው አስቤ ነበር። ነገር ግን እንዲህ የሚያለቅስን ሰው «ውሸት ነው» ብሎ ማቋረጥ ራሱ ድፍረት ጠየቀኝ፤ ድፍረቴ ደግሞ በላፕቶፑ ውስጥ ቀርቷል።

ያን ጊዜ ባጃጅ መጣ። ጋሽ ይመር ፍየላቸውን አቅፈው ወረዱ። በገዛ ደጃቸው ድንኳን አዩ። ጠዋት ሲወጡ ቤት የተዉት እትዬ ዘይነባን ብቻ ነው።

«ዘይነባ! ዘይነባዬን!» ብለው ፍየሏን ለቀው፣ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው፣ እየጮሁ ድንኳን ገቡ። ለቅሶ ቤት እየጮኸ የሚገባን ሰው ማን ገልጦ ያያል? ደግፈው ወስደው ጋሽ ደሳለኝ አጠገብ አስቀመጧቸው። ሁለቱ ተቃቅፈው ተላቀሱ።

«አይዞህ ወንድሜ» አሉ ጋሽ ደሳለኝ።

«እንዴት ሞተች?» አሉ ጋሽ ይመር።

«ማን?»

«ማን ነው የሞተው ታዲያ?»

«ይመር ነዋ!» ብለው ጋሽ ደሳለኝ እንደገና አነቡ።

«የትኛው ይመር?»

ጋሽ ደሳለኝ ድምፁን አወቁት። ጋቢውን ቀስ ብለው ገለጡ።

ከዚያ የሆነውን በወጉ መናገር አልችልም፤ ከሚሸሹት መሀል ነበርኩና። አንዱ «አዑዙ ቢላህ» ይላል፣ አንዷ ታማትባለች፣ ፍየሏ በድንኳኑ ገመድ ተጠላልፋ ትጮኻለች። እትዬ ዘይነባ ብቻ ወደፊት ሄዱ። የባላቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ዳሰሱ፤ በጥፊ መቷቸው፤ ከዚያ ደረታቸው ላይ ወደቁ። ጋሽ ደሳለኝ የጓደኛቸውን እጅ ያዙ፤ እስኪመሽ ድረስም አልለቀቁም። ፍየሏ ለሰደቃ ታርዳ ሲበላ እንኳ እሳቸው ለክርስቲያኖቹ የቀረበውን ሽሮ በግራ እጃቸው ነው የበሉት።

ጋሽ ይመር አልተቆጡኝም። «አብሽር» አሉኝ። «በለቅሶው ቀን ማን እንደመጣ በዓይኑ ያየ ስንት ሰው አለ? እኔ አየሁ።» ጋሽ ደሳለኝ ግን ባጃጅ ውስጥ ሊገቡ ሲሉ ጠሩኝ። «አንተ ልጅ፣ ሁለተኛ በሱ እንዳትቀልድ።»

«ቀልድ አይደለም ጋሼ፣ ቴስት ነው።»

«በምንም ይሁን።»

ቅሬው ተሰብስቦ አፑ እንዲጠፋ፣ ጥሩምባው እንዲቀጥል ወሰነ። እኔም ወልድያ ተመለስኩና በድንጋጤ ኮዱን ከፈትኩ። የአጎቴን ስም አጠፋሁ፤ የቀረውን ቆረጥኩ፣ ገለበጥኩ፤ ጥቂቱን የአባላቱ አፕ ውስጥ፣ ጥቂቱን የጸሐፊው ውስጥ ጣልኩት። ሰላማዊት «አሁንስ ሞጁሉን ታወጣለታለህ?» አለችኝ። ከእንግዲህ ማን ሊጠቀምበት ብዬ ዘጋሁት። ከማፈሬ የተነሳ ፎልደሩን ማየት አስጠልቶኝ ነበር።

ክረምቱ አለፈ። አንድ ጠዋት ጋሽ ይመር ደወሉ።

«ስማ እንጂ። አንድ ባጃጅ ነጂ ከውርጌሳ መጥቶ ደሳለኝ ሞተ ይለኛል። ከማን ሰማህ ስለው፣ በስልክ ነው የመጣልኝ አለ።» ድምፃቸው ውስጥ ሳቅ ነበር፤ ሳቁ ግን አልጸናም። «ያንተው ነገር ነው?»

ያን ጊዜ ሁለተኛው ናሙና ትዝ አለኝ። የክርስቲያኑ። ማንን ነበር የጻፍኩት? ለሙስሊሙ ጣቴ የለመደውን ከጻፈ፣ ለክርስቲያኑስ? ጋሽ ደሳለኝን ከልጅነቴ አውቃቸዋለሁ። አፑን ከስልኩ ያላጠፋ ሰውም ሞልቷል፤ የመጀመሪያው ናሙና ከተነፋ ሁለተኛውም ተራው ደርሶ ሊነፋ ይችላል።

«ደውለውላቸዋል?» አልኩ።

«ዝግ ነው። የኔም ያን ቀን ዝግ አልነበር? ሌላ ሰው ጋ ብሞክርም አይገባም፤ የውርጌሳ ኔትወርክ እንደ ልማዱ ነው።»

«ጋሼ፣ ሳይሆን አይቀርም። ቆይ ልየው። ሳልደውልልዎት እንዳይወጡ።»

እንዲህ ያልኩት አስቤላቸው ነው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ለኔ ቴስት ሲሉ በከንቱ እንዳይንገላቱ ብዬ ነው።

ላፕቶፑን ከፈትኩ። ስም ለማየት ምን ያህል ይፈጃል? ናሙናው በራሱ ሞጁል ውስጥ ቢሆን ኖሮ ከፍቶ ማየት ብቻ ነበር። አሁን ግን አንዱ ጋ የቤተ ክርስቲያኑ ስም አለ፣ ሟቹ የለም። ሌላው ጋ የአባት ስም የሚጠራ መስመር አለ፣ ስሙ ራሱ ግን ያለው ሌላ ፋይል ውስጥ ነው፤ ያን ፋይል ደግሞ በድንጋጤዬ ቀን ስሙን ቀይሬዋለሁ። መሀል ላይ መብራት ጠፋ፤ የላፕቶፔ ባትሪ ድሮ ነው የሞተው። ሰላማዊት የራሷን አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ቴስቱ የት ነው ያለው?»

«ሁሉም ቦታ።»

ከላይኛው ፋይል ጀምራ አንድ በአንድ መክፈት ያዘች። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር። እሷ ከአንድ በኩል፣ እኔ ከሌላ በኩል ስንፈልግ፣ ከታች የልብስ ሰፊው ማሽን ሲንኳኳ፣ ቀኑ ሄደ። በመጨረሻ እሷ አገኘችውና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው።

«አቶ ሙከራ ሙከራው።»

ለክርስቲያኑ ተጠንቅቄ ኖሯል። እንደዚያ የሚባል ሰው በዓለም ላይ የለም። ጋሽ ደሳለኝ በኮዴ ውስጥ በየትም ቦታ አልነበሩም።

ደወልኩ። ጋሽ ይመር ወዲያው አነሱት፤ ስልኩን በእጃቸው ይዘው እንደቆዩ ያስታውቃል።

«ጋሼ፣ የኔ አይደለም።»

«እንግዲያው እውነት ነው» አሉ።

ውርጌሳ ሲደርሱ ሰዉ ከቀብር ተመልሶ እጁን እየታጠበ ነበር።

በማግስቱ ከወልድያ ወርጄ አብሬያቸው ለቅሶ ሄድኩ። የጋሽ ደሳለኝ ልጅ፣ ትልቋ፣ ጋሽ ይመርን አቅፋ አለቀሰችና «ጋሼ፣ ጠብቀንዎት ነበር» አለች። «ቄሶቹ እስኪቆጡን ድረስ አስቆምናቸው። ጋሽ ይመር ሳይደርሱ መቃብር አይወርድም ብለን።»

እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ። አሁን ወደ እኔ ያመለክታሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ እንዲያመለክቱም ፈልጌ ነበር።

«ጉልበቴ ነው ልጄ» አሉ ጋሽ ይመር። «ጉልበቴ አላስነሣኝ ብሎ ነው።»

«አይዞዎት» ብላ ትራስ አመጣችላቸውና ጉልበታቸው ሥር አደረገችላቸው። ጋሽ ይመር እግራቸውን ዘርግተው፣ ያን ዕለት ምንም ያላመማቸውን ጉልበት እያሹ፣ እስክንነሣ ድረስ እንደታመመ ሰው ተቀመጡ።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ «ለምን እውነቱን አልነገሯትም?» አልኳቸው።

«ምን ልበላት? የእህቴ ልጅ የአባትሽን ሞት ላፕቶፕ ውስጥ ፈልጎ አጣው ልበላት?»

ሳቅ የመጣባቸው መስሎኝ ዞር ስል በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ። ትንሽ ከሄድን በኋላ «እሱ ሳልሞት አልቅሶልኛል» አሉ፤ ለኔ ይሁን ለራሳቸው አላውቅም። «እኔ እሱ ሞቶ ቤቴ ቁጭ ብዬ ስልክ ስጠብቅ ዋልኩ።»

ሞጁሉን ከሰላማዊት ጋር እንደምናወጣው፣ ከእንግዲህ ቴስቱ ሁሉ ለብቻው እንደሚሆን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። አሁን አውጥተነዋል፤ ንጹሕ ነው፣ ማንም ሰው የት እንዳለ ወዲያው ያገኘዋል። የሚጠቀምበት ሰው ግን የለም።

መርሳ ስንደርስ «ወራጅ አለ» አሉ። እኔ ወደ ወልድያ ስለምቀጥል አብሬያቸው አልወረድኩም። አስፋልቱን ለመሻገር ቆመው ግራና ቀኝ አዩ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ልክ እንደ ወትሮው፣ እጃቸውን አነሱልኝ። ቢቆጡኝ ኖሮ አንድ ቀን ይቅርታ እጠይቃቸው ነበር።